ላፓሮስኮፕ፦ ሆድ በሰፊው ሳይከፈት ውስጡን የሚያሳየው መሣሪያ ለብዙዎች ያልደረሰው ለምንድን ነው?

የሐሞት ጠጠር ያሠቃያት ሴት "ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል" ስትባል ከሁለት አንዱ ይገጥማታል። በአንደኛው፣ ከቀኝ ጎድን አጥንቷ ሥር አንድ ስንዝር የሚጠጋ ቁስል ይዛ ለቀናት ሆስፒታል ትተኛለች፤ ከወጣችም በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት አይፈቀድላትም። በሁለተኛው፣ ሆዷ ላይ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ይበጁና በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ያው የሐሞት ከረጢት ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ላፓሮስኮፕ የሚባል፣ ከእስክሪብቶ እምብዛም የማይወፍር ቀጭን ዘንግ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቢሮዎችና በርካታ ኤምባሲዎች በሚገኙበት የናይሮቢው ጊጊሪ ለሚኖር ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ፣ ይህ ሕክምና ሩቅ አይደለም። በፓርክላንድስ ያለውን የአጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጨምሮ የኬንያ መዲና ትልልቅ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥም እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ተቋማት ይገኛል።

ከዋና ከተሞቹ ወጣ ሲባል ግን ሁኔታው ይለወጣል። ቁስሉ እስኪድን ከሥራ መቅረት ኑሮውን የሚያናጋበት አርሶ አደርና የቀን ሠራተኛ፣ ቶሎ የሚያስነሳውን ሕክምና የማግኘት ዕድሉ ከሁሉም ያነሰ ነው።

ላፓሮስኮፕ ምንድን ነው?

ላፓሮስኮፕ ብዙውን ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ 5 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ነው። በውስጡ ተራ በተራ የተደረደሩ የመስታወት ሌንሶች አሉ። ጫፉ ፊት ለፊት የሚያይ፣ አለዚያም በ30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ጥግ ጥጉን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

ዘንጉ ብቻውን ግን ምንም አያሳይም። ሆድ ውስጥ ብርሃን የለም። ስለዚህ ከውጭ ካለ ኃይለኛ መብራት ብርሃኑን ፋይበር ኦፕቲክ በተባለ ገመድ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባል። በሌላኛው ጫፉ ላይ የሚገጠመው ካሜራ ደግሞ ምስሉን አጉልቶ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ያወጣዋል።

ሐኪሙ ላፓሮስኮፑን አብዛኛውን ጊዜ በእምብርት አካባቢ በሚበጅ ቀዳዳ ያስገባል። በሌሎቹ ቀዳዳዎች መያዣ፣ መቀስና ደም የሚያቆም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይገባሉ። ቀዶ ጥገናው የሚከናወነው ዓይን መስኮቱ ላይ፣ እጅ ደግሞ ረጃጅሞቹ መሣሪያዎች ላይ ሆኖ ነው።

ሆድ በጋዝ የሚሞላው ለምንድን ነው?

በተለመደው ሁኔታ የሆድ ግድግዳና በውስጡ ያሉት አካላት እርስ በርስ ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። ዘንጉ ቢገባ እንኳ የሚያይበት ክፍተት አያገኝም። ስለዚህ ታካሚው ሙሉ ሰመመን ከወሰደ በኋላ ሆዱ ቀስ በቀስ በጋዝ ይነፋል። ግድግዳው እንደ ድንኳን ከፍ ሲል ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ አንጀቱና ማህፀኑ ወለል ብለው ይታያሉ።

ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ አረፋ የሚፈጥረው ያው ጋዝ፣ ለሕክምና በሚመች ንጽሕና የተዘጋጀ። የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ አይቀጣጠልም፤ በኤሌክትሪክ እየተቆረጠና ደም እየቆመ ባለበት ቦታ ይህ ወሳኝ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ደም ቢገባ ቶሎ ይሟሟና በትንፋሽ ይወጣል።

ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዲሆን ይደረጋል። ከዚህ በላይ ከሆነ ሳንባና ልብ ይጨናነቃሉ። ለዚህም ነው የሰመመን ባለሙያው በቀዶ ሕክምናው ሁሉ የታካሚውን ትንፋሽና የልብ ምት በቅርብ የሚከታተለው።

ብዙ ታካሚዎች ከሰመመን ሲነቁ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገለት ትከሻቸው ለምን እንደሚያማቸው ይገረማሉ። መንስኤው ይኸው ጋዝ ነው። በሆድና በሳንባ መካከል ያለውን ጡንቻ ሲቆጠቁጠው፣ ጡንቻውና ትከሻው በሚጋሩት የነርቭ መስመር ሳቢያ አእምሮ ሕመሙን ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይረዳዋል። በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ጉዞ

የሰውን አካል ከውስጥ የማየት ሙከራ የተጀመረው በሻማ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሻማ ብርሃንን በመስታወት አቅጣጫ አስቀይሮ ወደ ሰውነት ክፍተቶች የሚልክ መሣሪያ ሠርቶ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1901 ሌላው ጀርመናዊ ጌኦርግ ኬሊንግ የውሻን ሆድ በአየር ነፍቶ፣ የሽንት ፊኛን ለማየት በተሠራ መሣሪያ ውስጡን ለሙያ አጋሮቹ አሳየ። እአአ በ1910 ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ በስቶክሆልም ዘዴውን በሰዎች ላይ ተጠቅሞ ውጤቱን አሳተመ።

ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት መሣሪያው ማያ ብቻ ሆኖ ቆየ። ምስሉ ደብዛዛ ነበር፤ ሐኪሙም አንድ ዓይኑን ቱቦው ላይ ለጥፎ ስለሚያይ ረዳቱ ምን እየተደረገ እንደሆነ አያውቅም ነበር።

የምስሉን ችግር የፈታው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ ነው። ቀደም ሲል በቱቦው ውስጥ ትንንሽ ሌንሶች በሰፊ የአየር ክፍተት ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። ሆፕኪንስ ይህን ገለበጠው፤ ረጃጅም የመስታወት ዘንጎችን ደርድሮ በመካከላቸው ጠባብ የአየር ክፍተት ብቻ ተወ። በዚህም ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን በብዙ እጥፍ ጨመረ። ጀርመናዊው የመሣሪያ አምራች ካርል ሽቶርዝ ፈጠራውን በ1960ዎቹ ወደ ገበያ አወጣው።

ላፓሮስኮፕ በዓለም መነጋገሪያ በሆነ አንድ ልደት ውስጥም ድርሻ አለው። እንግሊዛዊው የማህፀን ሐኪም ፓትሪክ ስቴፕቶ ከእናት የተወሰደውን እንቁላል ያወጣው በዚህ መሣሪያ ነበር። ከሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ ጋር የሠሩት ሥራ ከማህፀን ውጭ በተደረገ ጽንስ የተወለደችውን የመጀመሪያዋን ልጅ፣ ሉዊዝ ብራውንን፣ ሐምሌ 25/1978 እአአ ለዓለም አበረከተ።

ቀዶ ሐኪሞች ግን ዘዴውን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም እአአ በ1980 ትርፍ አንጀትን በላፓሮስኮፕ ሲያወጣ ከሙያ አጋሮቹ ከባድ ነቀፋ ደረሰበት። እአአ በ1985 ኤሪክ ሙሄ የሐሞት ከረጢትን በዚሁ መንገድ አውጥቶ ለጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ሲያቀርብም የገጠመው ጥርጣሬ ነበር። ካሜራው ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ካመጣውና ቡድኑ በሙሉ አንድ ነገር ማየት ከቻለ በኋላ ግን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ዘዴው በበለጸጉት አገራት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና መደበኛ መንገድ ሆነ።

ለታካሚው የሚያመጣው ለውጥ

ትልቁ ጥቅም የሚመነጨው ከቁስሉ ማነስ ነው። የሆድ ጡንቻ በሰፊው ካልተቆረጠ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ታካሚው በጥልቀት መተንፈስና መነሳት ስለሚችል በሳንባ ምች የመያዝና ደም በእግር ሥር የመርጋት ዕድሉ ያንሳል። ቁስል የማመርቀዝ አጋጣሚውም ዝቅ ይላል። ሰፊ ስፌት ከጊዜ በኋላ ሲላላ የሚመጣው የሆድ ግድግዳ እበጥም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። በዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ላይ የተቋቋመው የላንሴት ኮሚሽን እአአ በ2015 ባወጣው ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰዎች አስተማማኝና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኙ፣ በየዓመቱም 33 ሚሊዮን ሰዎች ለቀዶ ሕክምናና ለሰመመን በሚከፍሉት ወጪ ለከፋ የኑሮ ቀውስ እንደሚዳረጉ አስታውቋል። ይህ አሐዝ ትራንስፖርትን፣ አስታማሚውንና የቀረውን የቀን ገቢ አይጨምርም።

በምሥራቅ አፍሪካ የት የት ይጠቅማል?

የመጀመሪያው ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ነው። ጽንሱ በማህፀን ቱቦ ውስጥ አድጎ ቱቦውን ሲቀድደው እናቲቱ በውስጥ ደም መፍሰስ ልትሞት ትችላለች። ቱቦው ከመቀደዱ በፊት፣ ወይም ተቀዶም ሁኔታዋ ከተረጋጋ፣ በላፓሮስኮፕ ማከም ይቻላል። ደም እየፈሰሳት ራሷን የሳተች ሴት ግን ደም መፍሰሱን በፍጥነት ለማስቆም አብዛኛውን ጊዜ ሆዷ ይከፈታል።

ሁለተኛው መውለድ አለመቻል ነው። ሐኪሙ ቀለም ያለው ፈሳሽ በማህፀን በኩል አስገብቶ በቱቦዎቹ ጫፍ መውጣቱን በላፓሮስኮፕ በዓይኑ ያያል። ቱቦው ከዚህ በፊት በነበረ ኢንፌክሽን ተዘግቶ እንደሆነ፣ አካላቱ ተጣብቀው እንደሆነ በዚህ ይለያል። ልጅ ያለመውለድ ጥፋት ሁሉ በሴቲቱ ላይ በሚጣልበት ማኅበረሰብ፣ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ ከሕክምናም በላይ ትርጉም አለው። የባልየው ምርመራ አብሮ ካልተደረገ ግን መልሱ ሙሉ አይሆንም።

ሦስተኛው የሆድ ቲቢ ነው። ሆዷ በውኃ የተነፋ፣ የከሳችና ትኩሳት ያለባት ታካሚ ካንሰር ይሁን ቲቢ በምልክት ብቻ መለየት ያስቸግራል። በላፓሮስኮፕ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይታያል፤ ከእርሱም ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። አንደኛው በመድኃኒት የሚድን በመሆኑ የምርመራው ውጤት የሕይወት ጉዳይ ነው።

መሣሪያው የማይመችበትም አለ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በብዛት የሚታየው የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ አንዱ ነው። አንጀቱ ከመጠን በላይ ተነፍቶ ሆዱን ስለሚሞላ ለላፓሮስኮፕ የሚሆን ክፍተት አይተውም። አንጀቱ መሞት ከጀመረ ደግሞ ሆድ መክፈት የግድ ይሆናል።

አደጋ የለውም ማለት ነው?

አለው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲበጅ መሣሪያው ደም ሥር ወይም አንጀት ሊወጋ ይችላል። ከዚህ በፊት ሆዱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አንጀቱ ከግድግዳው ጋር በተጣበቀ ሰው ላይ ይህ ስጋት ይጨምራል።

ሌላው የእይታው ውሱንነት ነው። የቴሌቪዥኑ ምስል ጠፍጣፋ ነው፤ ርቀትን በትክክል መገመት ያስቸግራል። መሣሪያው በቀዳዳው ላይ እንደ ሚዛን ስለሚወዛወዝ ሐኪሙ እጁን ወደ ግራ ሲወስድ ጫፉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጣቶቹም በተከፈተ ሆድ ውስጥ እንደለመዱት የአካሉን ልስላሴና ጥንካሬ በቀጥታ አይዳስሱም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዘዴው በጥድፊያ ሲስፋፋ በቂ ልምድ ባልነበራቸው እጆች የሐሞት መተላለፊያ ቱቦ ጉዳት ጨምሮ ነበር። ቱቦው በስሕተት ከተቆረጠ ታካሚው ቢጫ ይሆናል፤ ከባድ የጥገና ቀዶ ሕክምናም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያየውን በእርግጠኝነት መለየት ሲያቅተው ላፓሮስኮፑን ትቶ ሆዱን መክፈቱ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም። ታካሚውን የሚጠብቅ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

ላፓሮስኮፕ ለአፍሪካ አዲስ አይደለም። እአአ በ1973 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ጃፓይጎ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ በማደግ ላይ ካሉ አገራት የመጡ ሐኪሞችን ያሠለጥን የነበረው በዚሁ መሣሪያ ነው። ዋና ዓላማው የማህፀን ቱቦን በመዝጋት የሚደረግ የቤተሰብ ዕቅድ ነበር። ያኔም ቢሆን መሣሪያውን መስጠት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ጠጋኝና መለዋወጫ እንደሚያስፈልግ ታውቋል።

ዛሬም ችግሩ ያለው ከዘንጉ ይልቅ በዙሪያው ባለው ነገር ነው። መብራቱ፣ ካሜራው፣ ቴሌቪዥኑና ጋዝ የሚነፋው ማሽን ሁሉ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ይሻሉ። በቀዶ ሕክምናው መካከል መብራት ቢጠፋ ሐኪሙ ጨርሶ አያይም። የጋዝ ሲሊንደር ከከተማ መምጣት አለበት። ሌንሱ ከተሰነጠቀ ወይም የብርሃን ገመዱ ውስጥ ያሉት ክሮች ከተበጣጠሱ በቅርብ የሚጠግን አይገኝም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች አንዴ ብቻ አገልግለው እንዲጣሉ ተደርገው መሠራታቸው ደግሞ ወጪውን ያንረዋል።

የሰው ኃይሉም ሌላ ጉዳይ ነው። በላፓሮስኮፕ የሠለጠነ ሐኪም ብቻውን አይሠራም፤ የሰመመን ባለሙያ፣ መሣሪያውን የሚያውቅ ነርስና የባዮሜዲካል መሐንዲስ ያስፈልጉታል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር እአአ ከ2016 እስከ 2020 ባወጣው የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ስትራቴጂ ትኩረቱን ያደረገው በመሠረታዊውና በድንገተኛው ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር። የቄሳሪያን ቀዶ ሕክምና በማይደረግበት ቦታ ላፓሮስኮፕን ማስቀደም እንደማይቻል ግልጽ ነው።

የማምከን ጣጣና ጊጊሪ

ላፓሮስኮፕ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት መታጠብና መምከን አለበት። የብረት መቀስ በሞቀ እንፋሎት ይመክናል። ብዙዎቹ የቀድሞ ላፓሮስኮፖች ግን ሌንሶቻቸው በማጣበቂያ የተያያዙ ስለነበሩ ያን ሙቀት አይችሉም። በመሆኑም ሆስፒታሎች ኤትሊን ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይጠቀሙ ነበር። ይህ ጋዝ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል 12 በመቶው ከ88 በመቶ ሲኤፍሲ-12 ጋር ተቀይጦ ይቀርብ ነበር።

ሲኤፍሲ-12 ደግሞ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ ኬሚካል ነው። መስከረም 16/1987 እአአ የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ከአገልግሎት እንዲወጣ ሲያደርግ ሆስፒታሎችም ማምከኛቸውን መቀየር ነበረባቸው። የዚህ ስምምነት ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በጊጊሪ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ግቢ ውስጥ ነው።

ዛሬ እንፋሎት የሚችሉ ላፓሮስኮፖች ይሠራሉ፤ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በዝቅተኛ ሙቀት የሚያመክኑ ማሽኖችም አሉ። ለአንድ የወረዳ ሆስፒታል ግን የትኛውን መሣሪያ በምን ያመክናል የሚለው ጥያቄ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

አዳዲስ መንገዶች

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚደረጉ ጥረቶች ከእነዚህ መሰናክሎች አንድ በአንድ ለመላቀቅ ያለሙ ናቸው። በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኡጋንዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ኪስኮፕ የተባለ መሣሪያ በውድ ሌንሶች ፈንታ ጫፉ ላይ ትንሽ ካሜራና መብራት አለው፤ በቀጥታም ላፕቶፕ ላይ ይሰካል።

በእንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና የሕንድ የገጠር ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ጋዙን የሚያስቀር ዘዴ አዳብረዋል። የሆድ ግድግዳውን ከውጭ በተተከለ መደገፊያ ወደ ላይ በማንሳት ክፍተት ይፈጥራሉ። ይህም የጋዝ ሲሊንደርንና መንፊያ ማሽንን ያስቀራል፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይም ከወገብ በታች በሚሰጥ ማደንዘዣ ለመሥራት ያስችላል።

በሥልጠና በኩል ከኢትዮጵያና ከካሜሩን የተውጣጡ ሐኪሞች ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ኦል-ሴፍ የተባለ ፕሮግራም አዘጋጅተዋል። ርዕሱ ከማህፀን ውጭ እርግዝናን በላፓሮስኮፕ ማከም ነው። ሠልጣኙ በአካባቢው በሚገኙ ርካሽ ቁሳቁሶች የመለማመጃ ሣጥን ሠርቶ፣ ያደረገውን በቪዲዮ ቀርጾ በሌሎች ሐኪሞች ያስገመግማል። እጁ የሚፍታታው በሣጥኑ ላይ እንጂ በታካሚ ሆድ ላይ አይደለም።

ታካሚ ምን መጠየቅ ይችላል?

በላፓሮስኮፕ እንዲታከም የተነገረው ሰው ለሐኪሙ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማቅረብ መብቱ ነው፦

• ለእኔ ሕመም ላፓሮስኮፕ ከተለመደው ቀዶ ሕክምና በምን ይሻላል?

• ይህን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ ሠርተዋል?

• ወደ ሰፊ ቀዶ ሕክምና መቀየር ቢያስፈልግ ዝግጅቱ አለ? ክፍያውስ ይለወጣል?

• ወደ ቤት ከሄድኩ በኋላ ችግር ቢገጥመኝ ወደ ማን እደውላለሁ?

ከዚህ በፊት ሆዱ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ አለበት። በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መመለስ ይገባል። ከውጭ የሚታየው ቀዳዳ ትንሽ ቢሆንም ውስጥ የተሠራው ሥራ ሙሉ ቀዶ ሕክምና ነው።